የስልክ ቁጥርና መዝገቡ

የስልክ ቁጥር መንገድ ነው ወይስ ስም? ጥያቄው ለተራው ደንበኛ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ለቴሌኮሙኒኬሽን መሐንዲስ ግን የመረጃ ቋት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ውሳኔ የሚመሠረተው በዚሁ መልስ ላይ ነው። ቁጥሩ መንገድ ከሆነ መዝገብ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም፤ ስም ከሆነ ግን ባለቤቱ ዛሬ የት እንደሚገኝ የሚናገር መዝገብ የግድ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የስልክ አገልግሎት ታሪክ ይህን ውሳኔ ደረጃ በደረጃ ያሳየናል። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አልሞን ስትሮውጀር በ1891 የፈጠራ መብት ካስመዘገበለት አውቶማቲክ ማዞሪያ በተነሣው ሥርዐት፣ ቁጥሩ ራሱ መንገድ ነበር። እያንዳንዱ አሐዝ የማዞሪያውን ክንድ ደረጃ በደረጃ እያንቀሳቀሰ ከተፈለገው ሽቦ ያደርሰዋል። ስለዚህ ደንበኛው ሠፈር ሲለውጥ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩም ይለወጥ ነበር። በ1965 በኒው ጀርሲ፣ በሳካሰና ከተማ ሥራ የጀመረው ኤሌክትሮኒክ ማዞሪያ የደንበኞቹን ዝርዝር ጥቃቅን ማግኔቶች በተደረደሩባቸው የአሉሚኒየም ካርዶች ላይ ይይዝ ነበር። ዝርዝሩ እዚያው በማዞሪያው ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ ጠያቂውና ተጠያቂው አንድ ቤት ነበሩ።

ችግሩ ጐልቶ የታየው ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. በ1967 ሒሳቡን ተደዋዩ የሚከፍልበትን የ800 አገልግሎት ሲጀምር ነው። ከ800 ቀጥለው የሚመጡት አሐዞች የደንበኛውን አካባቢ ስለሚያመለክቱ፣ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር የተዛወረ ድርጅት በማስታወቂያ ያስተዋወቀውን ቁጥር ያጣ ነበር። በአንድ ግዛት ውስጥ ለሚደውሉና ከውጭ ለሚደውሉ ሰዎችም የተለያየ ቁጥር መያዝ ነበረበት።

እንግዲህ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ዝርዝሩን በየማዞሪያው ማኖር ነው፤ መልሱ ፈጣን ነው፣ ማዞሪያውም በማንም ላይ አይመረኰዝም። ነገር ግን እያንዳንዱ ለውጥ በየቦታው መጻፍ አለበት፤ አንዱ ማዞሪያ ከተዘነጋ ያው ቁጥር ወደ ሁለት ቦታ ይመራል። ሁለተኛው አንድ የጋራ መዝገብ ማቋቋም ነው፤ ለውጡ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፣ ነገር ግን ጥሪው ሁሉ መልስ ይጠብቃል፤ መዝገቡ ዝም ካለ ጥሪውም ይቀራል።

ሁለተኛውን መንገድ የሚቻል ያደረገው፣ ማዞሪያዎች ከድምፁ መስመር ተለይተው በመልእክት የሚነጋገሩበት ሥርዐት በ1976 ሥራ መጀመሩ ነው። የቤል ላቦራቶሪው ሮይ ዌበር ጥሪን በመረጃ ቋት አማካይነት ለሚመራ ዘዴ በ1980 የፈጠራ መብት አገኘ፤ አገልግሎቱም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተግባራዊ ሆነ። በዚህ ውሳኔ የሚደነቀው ልከኝነቱ ነው። ቁጥራቸው መንገድ የነበረው ተራ ጥሪዎች እንደ ጥንቱ ቀጠሉ፤ መዝገቡ የሚጠየቀው ለሚያስፈልጋቸው ብቻ ነበር።

የኋላ ኋላ የኩባንያዎች ውድድር ተራውንም ቁጥር ስም አደረገው። የ800 ቁጥርን ይዞ ኩባንያ መለወጥ በ1993 ተፈቀደ፤ የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግም ይህንኑ መብት ለተራው ስልክ አዘዘ። ቢሆንም ዋናው መዝገብ በየጥሪው አይጠየቅም፤ ለውጡ ለየኩባንያው ይሠራጭና እያንዳንዱ የራሱን ቅጂ ይጠይቃል። ዋናው ለእውነትነት፣ ቅጂው ለፍጥነት ቆመ ማለት ነው።

ቅጂ ማብዛት ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ጥር 15 ቀን 1990 የኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. የረጅም ርቀት አገልግሎት ለ9 ሰዓት ያህል ታወከ። ጥፋቱ ከመረጃ ቋት የመነጨ አልነበረም፤ በ114ቱም ማዞሪያዎች ውስጥ በነበረው ተመሳሳይ ፕሮግራም ላይ አንድ ስሕተት ስለነበረ፣ ከብልሽት ያገገመው ማዞሪያ የላከው መልእክት ጎረቤቱን እየጣለ ሄደ። በአንዱ ያለ ስሕተት በሁሉም ካለ፣ መብዛታቸው ጥፋቱን ያበዛዋል እንጂ አይከላከለውም።

በሀገራችን በ1999 የገባው የሞባይል ስልክ ለምርጫ ቦታ አልተወም። ስልኩ ከባለቤቱ ጋር ስለሚጓዝ፣ ያለበትን የሚያውቅ መዝገብ ካልተጠየቀ ጥሪው አይደርስም። ምርጫው ዛሬም የሚነሣው ለመሥሪያ ቤት የውስጥ ስልክ በሚዘረጋበት ጊዜ ነው። ሃያ ስልክ ላለውና ቢሮው ለማይቀያየር ድርጅት በማዞሪያው ውስጥ ያለ ተራ ዝርዝር ይበቃዋል፤ በብዙ ሕንፃዎች ለተበተነና ሠራተኛው ዘወትር ለሚዛወርበት ግን የጋራ መዝገብ ድካም ይቀንስለታል።

ስለዚህ ወሳኙ ባለሙያ ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፦ መልሱ በየስንት ጊዜው ይለወጣል? በስንት ቦታ ይፈለጋል? መዝገቡ ዝም ሲል ስልኩ ምን ያደርጋል? ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሦስተኛው ነው። በሌሊት አምቡላንስ የሚጠራ ሰው ግን የሚያውቀው እርሱን ብቻ ነው።