የፍጥነት መለወጫው አመጣጥና ጥገናው

በእንጨት ሥራ መኪና ላይ ፍጥነትን እንደ ፈቀዱ የመለወጥ ታሪክ ወደ አንድ መጋዝ ቤት ይመልሰናል። በ1879 እ.ኤ.አ. በኢንዲያና ግዛት፣ በኮለምበስ ከተማ፣ ሚልተን ሪቭስ የመጋዙ ፍጥነት ባለመገራቱ እንጨት በከንቱ ሲባክን ተመልክቶ መለወጫውን ነደፈ። ብልሃቱ ይህ ነው፤ ለሁለት የተከፈለው ፑሊ ግማሾቹ ሲቀራረቡ ቺንጋው ወደ ጠርዝ ይወጣል፣ ሲራራቁ ወደ መሐል ይሰምጣል።

ሐንስ ጎልድሽሚት የነደፈው የ1947ቱ ሾፕስሚዝ በደረጃ ፑሊ ይሠራ ስለ ነበር፣ ፍጥነት ለመለወጥ መኪናውን አቁሞ ቺንጋ ማዛወር ግድ ነበር። በ1953 የወጣው ማርክ 5 ግን እየዞረ ሳለ በእጅ መቆጣጠሪያ ብቻ በደቂቃ ከ700 እስከ 5200 ዙር ይለዋወጣል።

ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የቀድሞው ልማድ ያልለቀቀው ባለሙያ ሞተሩን አጥፍቶ መቆጣጠሪያውን ያዞራል፤ የቆመ ቺንጋ በፑሊው ግድግዳ ላይ መውጣት ስለማይችል ኃይሉ ሁሉ በጥርሳማው ክፋይ ላይ ያርፍና ጥርሱ ይሰበራል። ጥርሱን ለውጦ መዝጋት ብቻ፣ በእኔ አስተያየት፣ የችኩል ሥራ ነው። ተንቀሳቃሹ የፑሊ ግማሽ በዘንጉ ላይ ያለ እንቅፋት መንሸራተቱ አስቀድሞ ይመርመር፤ የእንጨት ብናኝና የደረቀ ቅባት አግቶት ከሆነ አዲሱም ጥርስ አይሰነብትም። ከተገጣጠመም በኋላ የከፍተኛው ፍጥነት ማቆሚያ ይስተካከላል፤ ይህም የሚሆነው ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ ነው።