ስሙን የረሳው ኩንታል

ባለፈው ዓመት ነጭ ቦሎቄ ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ነጋዴ ሥራ ሰጠኝ። ቢሮዬ ከአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙም አይርቅም። ፓርኩ መስከረም 2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ ያኔ ኮምፒውተር የምነካው ለፋብሪካ ማሽን ይመስለኝ ነበር እንጂ ለቦሎቄ አልነበረም። ሰውየው የላከልኝ ኤክሴል ላይ «ምንጭ» የሚል ዓምድ አለ። ከላይ እስከ ታች አንድ ቃል ብቻ ሞልቶበታል፦ አዳማ።

አዳማ ከተማ ውስጥ ቦሎቄ አይበቅልም። ከቦሰት፣ ከዱግዳ፣ ከአዳሚ ቱሉ ወገን ተጭኖ ይመጣል። ታዲያ እነዚህ ስሞች የት ገቡ? መጀመሪያ የጸሐፊ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ነገሩን ወደ ኋላ ስከተለው ግን ስሙ የጠፋው ሆን ተብሎ፣ ያውም በጥሩ ምክንያት እንደሆነ ገባኝ።

ነጭ ቦሎቄ እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የቆየ ሰብል ነው። አብዛኛው ለእኛ ድስት አይደለም የሚዘራው፤ ባሕር ማዶ ሄዶ በቲማቲም ስጎ በቆርቆሮ ይታሸጋል። ከአዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ ምርምር ማዕከል እንደ አዋሽ 1 ያሉ ዝርያዎችን ለገበሬው ያወጣው ይህንኑ ገበያ አይቶ ነው። ባቡሩም መንገዱም ወደ ጅቡቲ የሚወርደው በአዳማ በኩል ስለሆነ ከተማዋ መሰብሰቢያ ሆነች። ንግዱ የሚሠራው ግን በመተዋወቅ ነበር። ገዢው እፍኝ ቦሎቄ ከከረጢቱ ያወጣል፣ ያገላብጣል፣ ደላላው ይምልለታል። የማያውቁትን ሰው እህል ሳያዩ መግዛት የማይታሰብ ነበር።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በ1994 ዓ.ም. አካባቢ ታየ። በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ክፉኛ ወደቀ። የማጓጓዣውን እንኳ ስለማይሸፍን ማሳ ላይ የተወው ገበሬ ነበር። በዓመቱ ዝናብ ሲከዳ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። የእህል ገበያችንን ስታጠና የኖረችው የኢኮኖሚ ባለሙያ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ይህን ታሪክ ደጋግማ የምታነሳው ያለ ምክንያት አልነበረም። እህሉ ባለበትና በጠፋበት መካከል የጎደለው መኪና ብቻ ሳይሆን የሚታመን ወሬም ነበር።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ፤ የመጀመሪያዋ ሥራ አስፈጻሚም እሷው ነበረች። እንደ ፕሮግራመር ሳየው አሠራሩ ያስቀናል። እህል መጋዘን ሲደርስ ይመዘናል፣ ናሙናው ደረጃ ይወጣለታል፣ ባለቤቱ የመጋዘን ደረሰኝ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ የሚሸጠው ደረሰኙ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዲስ አበባ ያለው መድረክ ላይ ሻጭና ገዢ መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው ይዋዋሉ ነበር፤ ገንዘቡ በማግስቱ ይገባል። ገጠር ያለው ሰው 929 ደውሎ የዕለቱን ዋጋ በቋንቋው ይሰማል። አዳማም መጋዘን ነበራት፤ ነጭ ቦሎቄም ኋላ ላይ ወደ ግብይቱ ገባ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን አንድ ነገር ሲረሳ ነው። በአንድ ደረጃ ያሉ ሁለት ኩንታሎች አንዱ በሌላው ቦታ የሚተካ መሆን አለባቸው። ስለዚህ የማን ማሳ? የሚለው ጥያቄ ይሰረዛል። በእኛ ሙያ አነጋገር ዓምዱን ከሠንጠረዡ አወጡት። መርማሪው የማን እህል እንደሆነ ባያውቅ ደግሞ ለማዳላትም ይቸገራል። እኔ በዚያ ጊዜ ብሆን ይህንኑ ነበር የማደርገው።

ጣጣው መጀመሪያ የመጣው በቡና በኩል ነው። ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ምርት ገበያው ሲገባ፣ የልዩ ቡና ቆዪዎች ከአንድ ማኅበር ወይም ከአንድ ማጠቢያ ጣቢያ በቀጥታ መግዛት የለመዱ ነበሩና ጮሁ። የይርጋጨፌ መሆኑ ይታወቃል፤ የየትኛው ጣቢያ መሆኑ ግን ከረጢት ውስጥ ተቀላቅሏል። በኋላ ምርት ገበያው ራሱ ከረጢት ላይ ባርኮድ እየለጠፈ ዱካውን ለመመለስ ሞከረ። የ2009ኙ የቡና አዋጅ ቁጥር 1051 ደግሞ ከምርት ገበያው ውጭ የሚሸጥበትን በር ሰፋ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ መጣና ነገሩን ጨረሰው፦ ቡናው የበቀለበት መሬት መገኛ በአሃዝ ይቅረብ፤ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንዴም ሁለቴ ተገፍቷል፤ ጥያቄው ግን አልቆመም። ቦሎቄ በሕጉ ዝርዝር ውስጥ የለም። የደንበኛዬ ገዢዎች ግን ቡና ላይ ያዩትን ቦሎቄ ላይም ጠየቁ።

እናም ስልኬን ይዤ ቦሰት ወረዳ ወረድኩ። አንድ አባት ማሳቸው ዳር ቆመው ነጥቡን ስወስድ ዝም ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ አሁን መሬቴ እዚያ ስልክ ውስጥ ገባ?»

«ቦታው ብቻ ነው አባባ።»

«ለማን ነው የምታሳየው?»

ለገዢ አልኳቸው። «እኔስ ገዢውን አያለሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብተው በላስቲክ የተጠቀለለ የግብር ደረሰኝ ይዘው ወጡ። እሳቸው የሚያምኑት መረጃ እጃቸው ላይ የሚቀረውን ነው። የኔ ሶፍትዌር ደግሞ ስማቸውን፣ ነጥባቸውን፣ ኩንታላቸውን ወስዶ ለሳቸው ምንም አይተውም ነበር። ነጥቡ ቢሳሳት ወይም አንዱ ሠራተኛ መንገድ ዳር ቆሞ የ10 ሰው ማሳ ቢመዘግብ፣ እህሉ የሚመለሰው በሳቸው ነው። ስህተቱን የማየት ዕድል የሌላቸውም እሳቸው ብቻ ናቸው። የሳተላይት ምስሉ ምንም ቢጠራ፣ መረጃው ከመጀመሪያው ሰው እጅ የበለጠ ሊታመን አይችልም፤ ድሮም መጋዘኑ በር ላይ ናሙና የሚያወጣው ሰውዬ እጅ ነበር ወሳኙ።

ማታ ተመልሼ አንድ ነገር ጨመርኩ። ምዝገባ ባለቀ ቁጥር ለገበሬው በኦሮምኛ አጭር መልእክት ይደርሰዋል፦ የተመዘገበው ኪሎ፣ ደረጃው፣ ቀኑ፣ መሬቱ ያለበት ቀበሌ። ስህተት ካለ 1 ብሎ ይመልሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ኪሎ ተሳስቷል ያሉ ገበሬዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ልክ ሆነው ተገኙ።

ደንበኛዬ የመልእክቱ ወጪ በዛብኝ ይላል። ገዢ ያልጠየቀውን ለምን እንከፍላለን ነው ነገሩ። ሦስት ጊዜ አጥፋው ብሎኛል። እስካሁን አላጠፋሁትም።