ሀዲስን «ሀ» ላይ ወይስ «ዓ» ላይ?

የአክስቴ ልጅ አንገቱ ውስጥ አስተማሪ ናት፤ የተማረችው ባዮሎጂ ነው። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት «ለጊዜው ያዢ» ተባለች። «ለጊዜው» እኛ አገር ስንት ዓመት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሥራውን የሚያሳያት ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሮቤ ስትመጣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ቁጭ ብላ ቪዲዮ ታወርዳለች፣ ፍላሽ ላይ ትጭናለች፣ ጎባን፣ የሳነቴን ብርድና የሀረናን ደን አቋርጣ ትመለሳለች፤ ማታ ማታ እያቆመች፣ ወደ ኋላ እየመለሰች ታያለች። የመጽሐፍ ምዝገባ፣ የምድብ ቁጥር አሰጣጥ፣ የውሰት አመዘጋገብ፣ ሁሉንም በዚህ መንገድ ነው የተማረችው። እኔ ያደረግኩላት ነገር ቢኖር አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኮሃ የሚባለውን ሶፍትዌር መጫን ብቻ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ደወለች። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ማሽንህ ሀዲስ ዓለማየሁን ዓለማየሁ አድርጎብኛል።»

ማሽኑ አልነበረም። ቪዲዮው ነው። «መጀመሪያ የቤተሰብ ስም፣ ከዚያ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያ የራስ ስም» ብሎ አስተማራት፤ እሷም እንደተባለችው አደረገች። የመጽሐፉ ጀርባ ላይ የሚለጠፈው መለያ «ዓለ» ብሎ ወጣ። ሀዲስ አባታቸው ቦታ ሄደው ተቀመጡ። መደርደሪያው ሥር «ሀ» ላይ የሚፈልጋቸው ተማሪ አያገኛቸውም። ይሄን ለማስተካከል ስንሞክር ነው ወደ ታሪኩ የገባሁት፤ እንዲህ ይርቃል ብዬም አላሰብኩም ነበር።

ድሮ ይሄ ጥያቄ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ውስጥ መጻሕፍቱን የሚያውቃቸው ጠባቂው ነው። ባሌም ውስጥ እንደ ድሬ ሼኽ ሁሴን ባሉ የሃይማኖት ትምህርት ቦታዎች ኪታቡ የት እንዳለ የሚያውቀው ኪታቡን የሚያስቀራው ሰው ነው። ካታሎጉ የሰው ጭንቅላት ነው፤ ሙያው ከሰው ወደ ሰው ያልፋል። ቁጥር የሚያስፈልገው መጽሐፉን የማያውቅ ሰው መጽሐፉን ለማያውቅ ሰው ሲሰጥ ነው።

ያ ዓይነቱ ቤተ መጻሕፍት በመንግሥት ደረጃ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በ1936 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ሁላችንም «ወመዘክር» የምንለው። (ሙሉው ስም «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ነበር። እኛ ፊቱን ጥለን ከ«ወ» ጀመርን፤ ስሙ «እና» ብሎ የሚጀምር መሥሪያ ቤት ሌላ አገር ያለ አይመስለኝም።) ሙያው ግን ከውጭ ነበር የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1956 ከእንግሊዝ መጥተው መጀመሪያ ወመዘክር ውስጥ የሠሩት ሪታ ፓንክኸርስት ኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን ቤተ መጻሕፍት መሩ፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትም የተሠራው በሳቸው ጊዜ ነው። በማስተርስ ደረጃ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተከፈተው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ ዩኔስኮና የካናዳው አይዲአርሲ አግዘውታል። ስሙም የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት ነበር፤ የታሰበው ለአህጉሩ ነው። ባሌ ድረስ ግን ሩቅ ነው። ሮቤ ላይ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ዩኒቨርሲቲ ማለት ለእኛ አውቶቡስ ማለት ነበር።

የአውቶቡሱን መንገድ ብቻ ሳይሆን ውቅያኖሱን ተሻግሮ ሙያውን ያመጣ ሰው ግን ከጎረቤታችን አለ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የተወለዱት ነገሌ ቦረና ነው፤ ከደሎ መና ወደ ደቡብ ቢኬድ የሚደረስባት ከተማ። በስደት አሜሪካ ገቡ፣ የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ተማሩ፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በልጆች ክፍል ተቀጠሩ። በብዙ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት መሐል አማርኛ ሲያጡ ራሳቸው «ቂሉ ማሞ»ን በሁለት ቋንቋ አሳተሙ። ከዚያ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ይዘው ተመለሱና እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ አዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፍ ጋሪ ላይ ጭኖ በአህያ የሚያስጎትት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አላቸው። ሁሌም የሚወራው አህያዋ ናት፤ ታምራለችና አልፈርድም። እኔ ግን የሚገርመኝ ከዚያ በፊት ያለው ዓመታት ነው፦ አንድ የነገሌ ልጅ መጽሐፍ እንዴት እንደሚደረደር ለመማር ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ?

የአክስቴ ልጅ የሄደችው ሮቤ ድረስ ብቻ ነው። ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የማቃልለው አይደለም።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። ኮሃ የተወለደው ገጠር ነው። ኒው ዚላንድ ውስጥ ሆሮዌኑዋ የሚባል ወረዳ ያሉ ጥቂት ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት አሮጌ ሥርዓት እ.ኤ.አ. 2000 ሲገባ እንደሚበላሽ ታወቀ። ለአዲስ የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበራቸው አንድ ትንሽ ድርጅት ቀጠሩ፤ ድርጅቱም በዚያን ጊዜ በነበረው ቀርፋፋ የስልክ መስመር ላይ እንዲሠራ አድርጎ በድረ ገጽ መልክ ጻፈው። እ.ኤ.አ. በጥር 2000 መጀመሪያ ላይ ሥራ ጀመረ፣ ኮዱም ለዓለም በነጻ ተለቀቀ። ኮሃ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። እኛ ጋ ወሩ ታኅሣሥ 1992 ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር 2000 ገና ሩቅ ነበር። ግን እዚያው ሰሞን ለእኛ ከኮሃ የሚበልጥ ነገር ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ አስገባ። ከዚያ በፊት አማርኛ በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈው በሌላው ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ነበር። ሁለቱ ነገሮች የተወለዱት በወራት ልዩነት ነው፤ አንዱ ባይኖር ሌላው አንገቱ ላይ ለአማርኛ መጽሐፍ ዋጋ አልነበረውም።

ስለ ኮሃ በብዛት የሚያስተምሩት ሕንዶች ናቸው። አይአይቲ ቦምቤይ «ስፖክን ቱቶሪያል» በሚለው ፕሮጀክቱ ኮሃን ከመጫን ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚያስተምሩ አጫጭር ቪዲዮዎች አሉት። ተማሪው ቪዲዮውን በአንድ በኩል ሶፍትዌሩን በሌላ በኩል ከፍቶ፣ እያቆመ ያየውን ራሱ እንዲሠራ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ያለ ኢንተርኔትም ያገለግላል። ድምፁን ስሰማ ሳቅኩ። በንጉሡ ዘመን ብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ሕንዶች ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ሲበዙም ተመልሰው መጡ። አባቴ የሕንድ መምህሩን አነጋገር እስከ ዛሬ ያስመስላል። ልጁ ደግሞ ያንኑ አነጋገር በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል።

ሕንድን ካነሳሁ ራንጋናታንን መዝለል አልችልም። የመደራስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1924 የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አድርጎ ሲቀጥረው የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ሥራው ሰለቸው፣ ወደ ክፍሌ መልሱኝ አለ፤ ይልቅ ሎንደን ሄዶ ሙያውን እንዲማር ላኩት። እዚያ አንድ ሱቅ ውስጥ እየተገጣጠመ የሚሠራ የሜካኖ መጫወቻ አየና መጽሐፍን በተዘጋጀ ቁጥር ሳይሆን ርዕሱን በታትኖ እንደገና በመገጣጠም መመደብ እንደሚቻል ታየው። ዛሬ ዓለም የሚያጠናቸውን አምስቱን የቤተ መጻሕፍት ሕጎች እ.ኤ.አ. በ1931 አሳተመ። ይሄን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት፣ «እሱንም ለጊዜው ብለውት ነው?» አለችኝ።

ስሙን ተመልከቱ ግን፦ ሺያሊ ራማምሪታ ራንጋናታን። ሺያሊ የተወለደበት ቦታ ነው፣ ራማምሪታ የአባቱ ስም፣ ራንጋናታን የራሱ። የቤተሰብ ስም የለውም! ልክ እንደኛ፣ ቅደም ተከተሉ ብቻ ተገልብጧል። እሱ ሲጠራ የመጨረሻው ስም የራሱ ስለሆነ የእንግሊዞቹ ደንብ በአጋጣሚ ልክ ይመጣለታል። እኛ ላይ ያው ደንብ ሲተገበር አባት ልጁን ያፈናቅላል።

ችግሩ ደግሞ ዓለም አያውቀውም ማለት አይደለም። የኮምፒውተር ካታሎግ የሚጻፍበትን ማርክ የሚባል ቅርጽ የሠሩት ሄንሪየት አቭራም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሲቀጠሩ ፕሮግራመር እንጂ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አልነበሩም። ሙያውን እዚያው ካታሎገሮቹን እየጠየቁ ተማሩ። (የኔ ዓይነት ሰው ይሄን ሲያነብ ደስ ይለዋል፤ ይቅር በሉኝ።) በዚህ ቅርጽ የደራሲው ስም የሚገባው መቶ ቁጥር ላይ ነው። ከጎኑ አንዲት አሃዝ የምትገባባት ትንሽ ሳጥን አለች። 1 ከጻፍክ «ይሄ ስም በቤተሰብ ስም ይጀምራል» ማለት ነው። 0 ከጻፍክ «ይሄ ስም በሰውየው በራሱ ስም ይጀምራል፣ አትገልብጠው»። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሀዲስ ዓለማየሁን የሚመዘግበው በሀዲስ ነው። አንገቱ ላይ ተገልብጠው የተመዘገቡት ሀዲስ ዋሽንግተን ላይ በትክክል ተቀምጠዋል።

ዜሮዋ እንግዲህ ከተሠራች ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። እሷ ያየቻቸው ቪዲዮዎች ግን ሁሉም 1 ነበር የሚጽፉት፤ የያዙት መጽሐፍ 1 ስለሚፈልግ። ስህተት አላስተማሩም። የራሳቸውን መደርደሪያ ነው ያስተማሩት።

አንዴ ይሄን ካየሁ በኋላ ሌላው ሁሉ ይታየኝ ጀመር። የዲዊ ምደባ እ.ኤ.አ. በ1876 ሲወጣ አርባ አራት ገጽ ያላት ቀጭን መጽሐፍ ነበረች። ሃይማኖት ለሚባለው ከ200 እስከ 299 ያለውን ሰጠ፤ አብዛኛውን ለክርስትና። እስልምና እስከ ዛሬ 297 ላይ ተጨናንቆ አለ። ባሌ ውስጥ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግቡና 297ን ተመልከቱ፤ ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር መለያው ወረቀት ላይ አይበቃም። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው፣ ከኤርትራ ጋር። አማርኛ በሴማዊ ቋንቋዎች ሥር 492.8 ውስጥ ሲገባ፣ ኦሮምኛ 493.5 ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር ነው። አንገቱ ላይ አንድ ተማሪ በእረፍት ሰዓት በሁለቱም እያወራ ይገባል፤ መጻሕፍቱ ግን መሐላቸው ሌላ መደርደሪያ አለ።

ፊደሉ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሀዲስን ስፈልግ «ሀ» ልጻፍ፣ «ሐ» ወይስ «ሃ»? ለእኔና ለእናንተ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት የማይተዋወቁ ቁጥሮች ናቸው። ጸጋዬን በ«ጸ» መዝግባ ተማሪው በ«ፀ» ቢፈልግ ውጤቱ ባዶ ነው። ለዚህ ትንሽ ኮድ ጻፍኩላት፣ ፍለጋው ከመሄዱ በፊት ሞክሼዎቹን ወደ አንድ የሚመልስ፤ ሃያ መስመር አይሞላም። ዓመተ ምሕረቱስ? መጽሐፉ «1992» ካለ 1992 ብለን እንመዝግብ ወይስ 2000? እኔ ሁለቱንም አልኩ። እሷ መጽሐፉ ላይ ያለውን ብቻ አለች፤ «ልጁ የሚያየው እሱን ነው።» እሷ ትክክል ነበረች።

ስሞቹን ለማስተካከል ሦስት ቀን ፈጀባት። እኔ በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ልገልብጠው ብዬ ነበር። እንቢ አለች፦ «የፈረንጆቹም አብረው ይገለበጣሉ እኮ።» አንድ በአንድ እየከፈተች፣ ነጠላ ሰረዟን እያጠፋች፣ 1ን ወደ 0 እየቀየረች ጨረሰች። ከዚያ ስልኳን መጽሐፍ ላይ አስደግፋ፣ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ፣ ያቺን ትንሽ ሳጥን የምታሳይ የአራት ደቂቃ ቪዲዮ ቀረጸች። ድምፁ ውስጥ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማል። በቴሌግራም ሌላ ወረዳ ላለች፣ እንደሷ «ለጊዜው» ለተባለች አስተማሪ ላከችላት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደወለች። አንድ ሽማግሌ ከቤታቸው ሰባት ኪታብ አምጥተው ለትምህርት ቤቱ ሰጥተዋል፤ ሁሉም በዓረብኛ ፊደል።

«ይሄኛው ከቀኝ ነው የሚጀምረው» አለችኝ። «መለያውን በየትኛው ጎን ነው የምለጥፈው? ቪዲዮ ካለ ፈልግልኝ።»

እስካሁን አላገኘሁም።