ታኮ

ባለፈው ኅዳር ዲክሲስ አቅራቢያ፣ በአንድ የተነፈሰ ጎማ ምክንያት ሰው ከመግደል ለጥቂት ተረፍኩ።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ግን ቤተሰቡ ውስጥ ስሜ «ኢንጂነሩ» ነው፤ ቴሌቪዥን ሲበላሽ እንኳ የሚደወለው ለእኔ ነው። አጎቴ ደግሞ ኮምባይነር ይዞ አርሲና ባሌ እየተዘዋወረ የገበሬ ስንዴ በኪራይ ያጭዳል። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አብሬው ወጣሁ። ኮምባይነሩን የምትከተል አንዲት አሮጌ ሃይሉክስ አለችው። ካሶኒዋ ላይ የብረት ቋሚ ተበይዶ ሸራ ለብሷል፤ ውስጡ ሁለት ፍራሽ፣ የናፍጣ ጀሪካን፣ ቺንጋ፣ መለዋወጫ፣ ምድጃና ሽሮ አለ። ፈረንጆች ፒክአፕ ላይ ጭነው ለሽርሽር የሚወጡበትን ካምፐር ዩቲዩብ ላይ አይታችሁ ከሆነ፣ ይቺም የእሱ ዘመድ ናት። ሽርሽሩ ብቻ ነው የሌለው። ሠራተኞቹ ወቅቱን ሙሉ የሚያድሩት እሷው ላይ ነው።

የዚያን ቀን ሰማዩ ጠቁሯል። የደረሰ ስንዴ ላይ ዝናብ ከወረደ የገበሬው የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ስለሆነ አጎቴ ኮምባይነሩን ይዞ ቀደመን። እኔና ረዳቱ፣ የ19 ዓመት የአርሲ ልጅ፣ በሃይሉክሷ ተከተልን። አንድ ቁልቁለት ላይ የኋላ ግራ ጎማችን ተነፈሰ።

ልጁ ስኮርታውን፣ ማለትም ተቀያሪውን ጎማ፣ ሊያወጣ ከሥር ገባ። ሃይሉክስ ላይ ስኮርታው ከካሶኒው ሥር ተንጠልጥሎ ነው የሚቀመጠው፤ ከኋላ ባለች ቀዳዳ ማዞሪያ አስገብተህ ታወርደዋለህ። የእኛን ቋሚ የበየደው ሰው ቀዳዳዋን ደፍኗት ስለነበር በጀርባ ተኝቶ ከመፍታት ሌላ ምርጫ አልነበረም። እኔ ደግሞ ጊዜ ላትርፍ ብዬ ክሪኩን ከሻንሲው ሥር ተከልኩና ማንሳት ጀመርኩ። የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ቆይቷል፤ ግን ማርሽ አስገብቻለሁ፣ ምን ትሆናለች አልኩ። ጎማው ከመሬት ሲለቅ መኪናዋ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ፊት ሄደች። ክሪኩ ጥቁሩ አፈር ውስጥ ሰምጦ ተጋደመ።

ልጁ እንዴት እንደወጣ አላየሁም። ያየሁት ቆሞ ነው።

«ታኮ ሳታደርግ?» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ፊዚክሱን አውቀው ነበር እኮ። ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል አንዱ ጎማ ከሌላው በተለየ ፍጥነት እንዲዞር ይፈቅዳል። ስለዚህ አንዱ አየር ላይ ሲንጠለጠል እንደ ልቡ ይዞራል፣ መሬት ላይ ያለውም ይንከባለላል፤ ማርሹ ምንም አይዝም። ይህን ፈተና ላይ ሥዕል ሠርቼ አስረድቻለሁ። ልጁ ዲፈረንሻል ምን እንደሆነ ማንም አስተምሮት አያውቅም፣ ግን ከመኪና በፊት ድንጋይ ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላ አዛዡ እሱ ሆነ። መጀመሪያ ድንጋይ ከፊት ጎማዎቹ ሥር። ስኮርታው ወጥቶ ዳር ይቀመጥ። ብሎኖቹ ጎማው መሬት እንደነካ ይላሉ፤ ከተነሳ በኋላ ብትታገላቸው ጎማው አብሮህ ይዞራል፣ መኪናውም ይነቀነቃል። ክሪኩ ደግሞ ከአክስሉ ሥር፣ ባሌስትራው አጠገብ። ሻንሲውን ካነሳህ መጀመሪያ የምታነሳው ፍራሹን፣ ናፍጣውንና ሽሮውን ነው፤ ባሌስትራው ተዘርግቶ እስኪያልቅ ጎማው ንቅንቅ አይልም፣ ላይዋ የከበደ መኪና ደግሞ ከፍ ባለች ቁጥር ትወላገዳለች። አክስሉን ካነሳህ ግን ጎማው ወዲያው ይለቃል።

ማታ ፍራሹ ላይ ተኝቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ልጁ ሲያዘኝ የተጠቀመባቸውን ቃላት ስልኬ ላይ መጻፍ ያዝኩ። ጎማ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ብሎን፣ ባሌስትራ፣ ካሶኒ፣ ጋቢና፣ ስኮርታ። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ታኮ ራሱ በጣሊያንኛ ተረከዝ ማለት ነው፤ የሴት ታኮ ጫማና የመኪና ታኮ አንድ ቃል ናቸው። ድንጋዩን ከአርሲ መሬት ላይ አንስተን ስሙን ከሮም አመጣን።

መኪና እዚህ አገር የገባው ግን ከወረራው በፊት ነው። ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ፣ የመኪና መንገድ በሌለበት፣ ለምኒልክ አንዲት መኪና አዲስ አበባ አድርሷል። ያኔ በአየር የሚሞላ ጎማ ራሱ ገና ጨቅላ ነበር። ደንሎፕ ቤልፋስት ውስጥ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት የሠራው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ተቀያሪ ጎማ ይዞ መሄድ የሚባል ነገርም አልነበረም፤ የተነፈሰበት ሰው መንገድ ዳር ተቀምጦ ይለጥፋል። በ1904 እ.ኤ.አ. በዌልስ የላኔሊ ከተማ የዴቪስ ወንድማማቾች ተጨማሪ ጎማ መሸጥ ጀመሩ፤ ሱቃቸው ስቴፕኒ የሚባል መንገድ ላይ ስለነበር ሕንዶች እስከ ዛሬ ተቀያሪ ጎማን «ስቴፕኒ» ይላሉ። እነሱ የአንድ መንገድ ስም ቀረላቸው፣ እኛ ደግሞ የወራሪ ቋንቋ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች ጦርና ስንቅ ለማመላለስ መንገድ ቆረጡ፣ ጣርማ በርን በዋሻ በሱ፣ ፊያትና ላንቻ የጭነት መኪና አስገቡ። ይሄ ወሬ በተነሳ ቁጥር «ቢያንስ መንገድ ሠሩልን» የሚል ሰው አይጠፋም። ለእኔ አይዋጥልኝም። ቀድመው በያዟት ኤርትራ ለአገሬው ልጅ ከ4ኛ ክፍል በላይ ትምህርት ያልፈቀደ መንግሥት ሙያ አስተማረን ሊባል አይችልም። ማስረጃው ቃላቱ ውስጥ አለ። ጎማ ውስጥ ያለውን ከመነዳሪ ውሰዱ፤ ጣሊያኖቹ «ካሜራ ዳሪያ» ይሉታል፣ የአየር ክፍል ማለት ነው። ከመጽሐፍ የተማረ ሰው ካሜራ ዳሪያን ከመነዳሪ አያደርገውም። መኪና ሥር የተኛ ጣሊያናዊ እየጮኸ ሲጠይቅ፣ ውጭ ቆሞ መፍቻ የሚያቀብል ልጅ በጆሮው የያዘው ቃል ነው። ያ ልጅ «አውታንቲ» ይባል ነበር፣ ረዳት ማለት ነው። የማንም ታሪክ መጽሐፍ ስሙን አልጻፈውም።

ከነፃነት በኋላ ብዙ ጣሊያናዊ መካኒኮች ጋራዥ ከፍተው ቀሩ፣ አውታንቲዎቹም ባለሙያ ሆኑ። በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የመንገድ ብድር ሰጠ፤ ባንኩ ለአፍሪካ ካበደራቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፣ አሜሪካውያን መሐንዲሶች መጡ፣ ሪፖርቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆነ። መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ግን ጎሚስታ ሆኖ ቀረ።

አርሲ ላይ ደግሞ ስዊድኖች ደረሱ። በ1967 እ.ኤ.አ. አሰላን ማዕከል አድርጎ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ተመሠረተ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ፣ መጋቢ መንገድ ጠረገ፣ የተሻሻለ ማረሻና ጋሪ ሞከረ። ስንዴው ትርፍ ማምጣት ሲጀምር ባለርስቶች ትራክተር አስገቡና ጭሰኞቻቸውን አስነሱ። የልጁ አያት ከተነሱት አንዱ እንደነበሩ የነገረኝ ብሎን እያጠበቀ ነው፣ ዘወር ብሎ እንኳ ሳያየኝ። መሬት ለአራሹ የታወጀው የካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። የልጅ ልጃቸው ዛሬ የኮምባይነር ረዳት ነው። ስለዚህ ነገር ምን እንደሚሰማው ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ ያን ቀን ግን እሱን የመጠየቅ ድፍረት አልነበረኝም።

ክሪኩ አሁንም እየሰመጠ ሲያስቸግረን አንድ አባት በፈረስ ጋሪ መጡ። ጋሪያቸው የሚሄደው በአሮጌ የመኪና ጎማና ቸርኬ ነው። ከልጁ ጋር በኦሮምኛ ሲነጋገሩ እኔ የያዝኩት «ጎማ» እና «ክሪክ» የሚለውን ብቻ ነው። ከጋሪያቸው ወለል አንድ ጣውላ ነቅለው ሰጡን፤ ከክሪኩ ሥር አደረግነው፣ ያዘ። ሥራው ሲያልቅ ጣውላውን ወስደው በድንጋይ መልሰው መቱትና ሄዱ። ገንዘብ ሳወጣ ልጁ እጄን ያዘኝ።

ዝናቡ የመጣው ማታ ነው፤ ከማሳው ግማሽ የሚሆነው ታጭዷል። በማግስቱ አሰላ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ገባን። ከመነዳሪውን አውጥቶ ነፋውና ገንዳ ውስጥ ነከረው፣ አረፋ የወጣበትን በጣቱ ያዘ። አንዲት ሚስማር ናት። አጎቴ ከኋላችን መጥቶ ስኮርታውን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ማን ነው የቀየረው?» አለ።

አፌን ሳልከፍት ልጁ ቀደመኝ። «ሁለታችን ነን፣ ጋሼ» አለ።