በአምስት ዶላር የተሸጠው የአልጋ ልብስ

የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ስለ ሥነ ጥበብ ሳነብ እንኳ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ዋጋ ላይ ነው። የሐሪየት ፓወርስን ታሪክ እንዳልረሳው ያደረገኝም አንድ ዋጋ ነው፤ አምስት ዶላር።

ሐሪየት እ.ኤ.አ. በ1837 በአሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት፣ በአቴንስ ከተማ አቅራቢያ በባርነት ተወለደች። ባርነት ከቀረ በኋላ ከባለቤቷ ጋር እያረሰች ልጆቿን አሳደገች። በ1886 በከተማው የጥጥ ዐውደ ርእይ ላይ አንድ የአልጋ ልብስ አቀረበች። ምስሎችን ከጨርቅ እየቆረጠች በሌላ ጨርቅ ላይ በመስፋት አዳምንና ሔዋንን፣ የያዕቆብን ሕልም፣ የክርስቶስን ጥምቀትና ስቅለት፣ የይሁዳን ሠላሳ ብር በ11 ክፍሎች አሳይታበታለች። የጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ይህን የአሠራር ስልት በዛሬዋ ቤኒን የሚገኙት የፎን ሰዎች ከሚሠሩት ባለምስል ጨርቅ ጋር ያመሳስሉታል።

ጄኒ ስሚዝ የተባለች የሥዕል መምህርት ልግዛው ብትላት ሐሪየት አልሸጥም አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ኑሮ ከበዳትና ራሷ በአሥር ዶላር አቀረበችው። ገዢዋ ያለኝ አምስት ነው አለች። ሐሪየት ከባለቤቷ ጋር ተማክራ በአምስቱ ሰጠችው። ሆኖም የእያንዳንዱን ክፍል ትርጉም አስረዳች፤ መምህርቷም ጻፈችው። ሐሪየት ከዚያ በኋላም የእጇን ሥራ ለማየት ተመላልሳ ሄዳለች።

በሁለተኛው ሥራዋ ላይ ያሉት ምስሎች ደግሞ ያለ ማብራሪያ የሚፈቱ አይደሉም። ሙሴ እባቡን ሲሰቅል፣ እናቶች ልጆቻቸው አይተው እንዲድኑ ሲያመጧቸው ይታያል። በሌላ ክፍል በ1833 ከዋክብት እንደ ዝናብ የወረዱበት ሌሊት አለ። እሷ ገና አልተወለደችም ነበር፤ ታላላቆቿ ግን አልረሱትም። ሕዝቡ የዓለም መጨረሻ መስሎት ሲርድ የእግዚአብሔር እጅ ከዋክብቱን እንዳቆመ ተናግራለች። ከጆርጂያ እስከ ቨርጂኒያ 500 ማይል የሮጠች አሳማም አለች። አንዳንድ አጥኚዎች ይህችን አሳማ ከባርነት የማምለጥ ምልክት አድርገው ይተረጉሟታል። የሐሪየት ቃል ባይጻፍ ኖሮ እኛ የምናየው ተራ አሳማ ብቻ ነበር።

ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሕግ እንደ ዕቃ ቆጥሮት የነበረ ሕዝብ የራሱን ትዝታ ከዮናስና ከኢዮብ ታሪክ ጎን አስቀመጠ፤ «ያ አምላክ እኛንም ያውቀናል» ማለት ነው።

ሐሪየት በ1910 አረፈች። ዛሬ የመጀመሪያው ሥራዋ በዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን፣ ሁለተኛው በቦስተን ሙዚየም ይገኛሉ።

እህቶች፣ የምንቆጥባት ገንዘብ በክፉ ቀን የእጃችንን ሥራ በግማሽ ዋጋ እንዳንሰጥ ታግዘናለች። እኔ በምይዘው የሽያጭ መዝገብ ላይ ግን እስካሁን የሚጻፈው «መሶብ፣ 1» እና ዋጋው ብቻ ነው። ከእንግዲህ አንድ ዓምድ እጨምራለሁ፦ ማን ሠራችው? ጥለቱስ ምን ይላል? ሥራችሁን ስታመጡ ንገሩኝ፤ እጽፈዋለሁ።