ሰኔና የዝናብ መጥረጊያ

መኪና ያለው ሰው የዝናብ መጥረጊያውን የሚያስታውሰው በዓመት አንዴ ነው፤ ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ። ከመስከረም ወዲህ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ፊት ለፊታችን ተጋድሞ እያየነው አናየውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ማብሪያውን ስንጫነው፣ ላስቲኩ መስታወቱን መጥረጉን ትቶ መቧጨር ይጀምራል። በማግስቱ ባለመኪናው ሁሉ ያንኑ ዕቃ ፍለጋ ይወጣል። ነጋዴውም ይህን ያውቃል፤ ግንቦት ላይ የጠራው ዋጋና ሰኔ ላይ የሚጠራው ዋጋ አይተዋወቁም።

የሚገርመው መጥረጊያውን የሚገድለው ዝናቡ አለመሆኑ ነው። ገዳዩ በጋው ነው። ላስቲክ ፀሐይና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ሲፈራረቁበት ይደርቃል፣ ጠርዙ ይሰነጠቃል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሯ ቀዝቀዝ ቢልም የፀሐይዋ ጨረር አይጣል ነው። ያ ምስኪን ላስቲክ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሥራ ፈትቶ መስታወት ላይ ይጠበሳል፤ ከዚያ ሰኔ ላይ በአንድ ጊዜ «ተነስ፣ ሥራ» ይባላል። እንዴት አድርጎ ይነሳ?

ለአዲስ መኪና ባለቤት ጣጣው የገንዘብ ነው፤ ሄዶ ይገዛል፣ ያስገጥማል፣ ያልቃል። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ግን ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለው፤ «ዕቃው አለ ወይ?» የሚል። እኔ ከአንዲት አሮጌ ቮልስ ጋር ብዙ ክረምት ስላሳለፍኩ ይህን ጥያቄ ለምጄዋለሁ። ጥያቄዬን ይዤ ከሱቅ ሱቅ ስዞር የተገነዘብኩት ነገር ቢኖር፣ እኛ ወደ አገር የምናስገባው መኪናውን መሆኑን ነው፤ መለዋወጫውን የምናስበው በኋላ ነው። ይህ ደግሞ የዛሬ ጠባይ አይደለም፤ ታሪክ አለው።

ለዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባው ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። በዚያን ዘመን እንኳን የእኛዋ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ መኪኖችም የዝናብ መጥረጊያ አልነበራቸውም። ብዙዎቹ ጣሪያም በወጉ የላቸው። ዝናብ ሲመጣ ሹፌሩ ወይ ቆሞ ያሳልፋል፣ ወይ ወርዶ በጨርቅ ይጠርጋል። መስታወቱን በሽንኩርት ወይም በድንች ማሸትም በየአገሩ የታወቀ መላ ነበር፤ ውኃው ሳያንጠባጥብ ተዘርግቶ እንዲወርድ።

መጥረጊያው ግን በወረቀት ላይ ተፈጥሮ ነበር። ሜሪ አንደርሰን የምትባል የአላባማ ሴት ኒውዮርክ ሄዳ፣ በብርዱ ወራት በከተማ ባቡር ስትጓዝ፣ ነጂው በረዶ የቀላቀለው ዝናብ ቢጋርደው መስኮቱን ከፍቶ ፊቱን ለውርጭ እየሰጠ ሲነዳ አየች። አገሯ ተመልሳ፣ ከውስጥ በእጅ የሚጎተት፣ ጫፉ ላስቲክ የሆነ ክንድ አሠራች። እ.ኤ.አ. በ1903 የፈጠራ መብቱ ተሰጣት። ይሁንና በ1905 አንድ የካናዳ ድርጅት ፈጠራውን እንዲገዛት ብትጠይቀው «ለንግድ የሚሆን ነገር የለውም» ብሎ መለሰላት። መብቱ በ1920 ጊዜው አለፈና መኪና ሁሉ መጥረጊያ ማድረግ ሲጀምር እሷ ከዚያ ያገኘችው ነገር አልነበረም።

ነገሩን ወደ ገበያ ካወጡት አንዱ ጆን ኦይሼይ የተባለ፣ በባፋሎ ከተማ የቴአትር ቤት ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው ነው። ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት ሲነዳ ብስክሌተኛ ገጨ። ብስክሌተኛው ቢተርፍም ሰውየው ድንጋጤው አለቀቀውም፤ በ1917 መጥረጊያ የሚያመርት ኩባንያ አቋቋመ። በኋላ ትሪኮ ተብሎ የታወቀው እሱ ነው። የጀርመኑ ቦሽ ደግሞ በ1926 በኤሌክትሪክ የሚሠራውን አወጣ። አያችሁ፣ ይህች ዕቃ የተወለደችው ለምቾት አይደለም። ሰው ከመገጨት ለማዳን ነው።

ኤሌክትሪኩ በሁሉም ዘንድ እስኪለመድ ግን ብዙዎቹ የአሜሪካ መኪኖች መጥረጊያቸውን የሚያንቀሳቅሱት ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ኃይል ነበር። የዚህ ዓይነቱ ጉዱ ዳገት ላይ ይታያል። ሹፌሩ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲረግጥ የመሳቡ ኃይል ይደክማል፤ መጥረጊያው እያዘገመ ሄዶ ቀጥ ይላል። እግሩን ሲያነሳ ደግሞ እንደ እብድ ይሯሯጣል። ሜዳ ላይ ለተሠራ አገር ይሁን፤ እንጦጦን ወይም ጣርማ በርን በዝናብ ለሚወጣ ሰው ግን ምን ዓይነት ፈተና እንደነበር ገምቱት።

ወደ እኛው እንመለስ። መኪና በብዛት የገባው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። አምስቱ ዓመት አለፈ፣ ጣሊያን ወጣ፤ ቋንቋው ግን ኮፈኖ ሥር ቀረ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ስፖኪዮ፣ ስኮርት፣ ከመነዳሪ… ዛሬም ጋራዥ ገብቶ ያለ እነዚህ ቃላት የሚግባባ የለም። የሚገርመው የዝናብ መጥረጊያ በአማርኛ ስሙ መጠራቱ ነው። ምናልባት ዝናብንም መጥረግንም ቀድሞውኑ ስለምናውቃቸው ይሆናል።

ከነፃነት በኋላ መኪናው ከየአገሩ መጣ። ታክሲ የነበረችው ትንሿ ፊያት ሰይቼንቶ፣ ፔጆው፣ ኦፔሉ፣ ቮልሱ። እያንዳንዱ የራሱን የመጥረጊያ አገጣጠም ይዞ ነው የመጣው። የአንዱ ክንድ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው፤ የሌላው እንደ ቢላ ቀጥ ያለ ሆኖ ይሰካል፤ የሌላው ከጎኑ በወጣች ፒን ይያዛል። ክንዱ የሚቀመጥበት ዘንግም ጥርሱ ይለያያል። መንጠቆው ገበያውን ያሸነፈው በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ መደርደሪያ ላይ የተደረደረው መጥረጊያ ሁሉ አሮጌ መኪና ላይ አልገባም ቢል አይፈረድበትም።

ቮልስ ደግሞ የራሷ ጠባይ አላት። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት በ6 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ነው ወደ 12 መዞር የጀመሩት። የአንዷን የመጥረጊያ ሞተር አንስቶ ለሌላዋ መግጠም ወይ ማቃጠል ነው፣ ወይ ጨርሶ አለማንቀሳቀስ። መስታወት ላይ ውኃ የሚረጨውም በኤሌክትሪክ ሳይሆን ከስኮርት ጎማው በሚመጣ አየር ነበር። ጎማው ከተነፈሰ ውኃ የለም ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ፓምፕ ፍለጋ ሲዞር ይውላል።

በደርግ ጊዜ ላዳ መጣች። የላዳ ታሪክ ራሱን የቻለ ቀልድ ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ በቮልጋ ዳርቻ ፋብሪካ አሠራች፤ ፋብሪካው ያለባት ከተማ ቶሊያቲ የተባለችው በጣሊያን ኮሙኒስት ፓርቲ መሪ ስም ነው። በ1970 ከዚያ የወጣችው የመጀመሪያዋ መኪና ፊያት 124ን ለሩሲያ መንገድና ብርድ እንድትስማማ አድርገው ያሻሻሏት ናት። እንግዲህ ፊያት አገራችን የገባው ሁለት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል፤ አንዴ የሙሶሊኒን ጦር ተከትሎ፣ አንዴ ሶሻሊዝምን ተከትሎ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ሲለወጥ ቶዮታ ዲኤክስ ከተማውን ሞላው፤ የዱባይም መንገድ ተከፈተና ያገለገለ ዕቃ በገፍ ይመጣ ጀመር። የላዳ ዕቃ ይመጣበት የነበረው በር ግን ከሶቪየት ኅብረት ጋር አብሮ ጠበበ።

እነዚህን ሁሉ ዘመናት በአንድ ቦታ የማያቸው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ስሄድ ነበር። አሮጌውን የመጥረጊያ ክንድ በጋዜጣ ጠቅልዬ ነው የምሄደው። ያለ ናሙና የሄደ ሰው ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። አንዴ አንድ ወጣት ሻጭ ጋዜጣውን ገለጥ አድርጎ አየና፣

«ጋሼ፣ የቮልስ ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«ሞዴሏ ስንት ነው?»

«ስድሳ አራት።»

«እንግዲያው ስድስት ቮልት ናት። የለም ጋሼ፣ አይልፉ። እኔ ከመወለዴ በፊት ያለቀ ዕቃ ነው።» ትንሽ አሰበና ደግሞ፣ «ግን እዚያ ጥግ ያሉትን አባት ይጠይቋቸው፤ እሳቸው ያላምዱልዎታል» አለ።

«ያላምዱልዎታል» የሚለው ቃል ነው ቁም ነገሩ። አዛውንቱ የዲኤክስ መጥረጊያ አነሱ፣ ከእኔው ጋር አስተያዩ፣ በሲጌቶ ከጫፉ ቆረጡ፣ መያዣውን በፒንሳ አጠፉና በሞረድ አስተካከሉ። ከዚያ ላስቲኩን ትተው ክንዱን ሳብ ለቀቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ሰው ሁሉ ላስቲኩን ይገዛል» አሉኝ። «የደከመው ግን ስፕሪንጉ ነው። ክንዱ መስታወቱን ካልተጫነው አዲስ ላስቲክ ምን ያደርግልሃል?»

እውነታቸውን ነው። ስፕሪንጉን አጠበቁልኝና መጥረጊያው እንደ ፋብሪካ ሥራ ሆነ። ይህን በየትኛው መጽሐፍ እናገኘዋለን? ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ ተሠርታ ፋብሪካው ሲያቆም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ ነበር። በሌላው ዓለም ለወዳጆቿ የሚሆን ዕቃ ዛሬም ይሠራል። እኛ ጋ ግን ያንን በውጭ ምንዛሪ ከማስመጣት የእኚህ ሰው ሞረድ ይቀርባል። አሮጌ መኪኖቻችንን በሕይወት ያቆዩአቸው አስመጪዎቹ ብቻ አይደሉም። የሚያላምዱት ሰዎች ናቸው።

ማላመድ ግን ልክ አለው፤ ሁልጊዜም አያኮራም። አንድ ክረምት በአሮጌ አውቶቡስ ጣርማ በርን ስንወጣ መጥረጊያው ቆመ። ሹፌሩ አልደነገጠም፤ የተዘጋጀ ሲባጎ ነበረው። አንዱን ጫፍ በእሱ መስኮት፣ ሌላውን በረዳቱ መስኮት አስገብተው ከመጥረጊያዎቹ ጋር አሰሩት። ሹፌሩ ይስባል፣ ረዳቱ ይመልሳል። ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ሲባጎ ይዟል፤ ውጭው ጉም ነው፤ በቀኝ በኩል ገደል ነው። ተሳፋሪው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ዝም አለ፤ በመጨረሻ የሚጸልየው በዛ። ደግነቱ በሰላም ደረስን። ነገር ግን ያን ሁሉ ሰው በአንድ ሲባጎ ላይ ማንጠልጠል ብልሃት ነው ብዬ ላሞግሰው አልችልም። ዕቃው በጊዜው ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ብልሃቱም ባላስፈለገ።

ይህን ሁሉ የማወራው ያለፈውን ለመናፈቅ ብቻ አይደለም። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ የታሰበውም አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ እንዳይገቡ፣ የኤሌክትሪክ ብቻ እንዲገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ላሰበ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። ሆኖም በሁለት ነገሮች ላይ ሐሳብ ይገባኛል።

አንደኛው፣ አዲስ አሮጌ መኪና ካልገባ ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ይነዳል ማለት ነው። ዕቃው እያነሰ፣ የሚያላምዱት አዛውንቶች እያለፉ፣ ክረምቱ ግን በየዓመቱ እየመጣ። ሁለተኛው፣ የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ዝናብ የሚጠርገው በላስቲክ ነው። ነዳጅ ቀረ እንጂ ሰኔ አልቀረም። በየዓይነቱ ስም ከየፋብሪካው የሚገባው መኪና ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ሲያረጅ፣ አምራቹ ሞዴሉን ሲተው፣ ያኔም አንድ ሰው የመጥረጊያ ክንድ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ጋዜጣ ካለ ማለቴ ነው፣ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። የምኒልክ መኪና ከገባች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

ስለዚህ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቃችሁ በፊት «መለዋወጫው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የምታስገቡም ብትሆኑ ከመኪናው ጋር የላስቲኩንም ነገር አስቡበት። በየጋራዡ ያሉ ወጣቶች ደግሞ አዛውንቶቹ ሞረድ ሲይዙ ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ስፕሪንጉን የሚያስታውስ ሰው ሲጠፋ ላስቲኩ ብቻውን ምንም አይሠራም።

አሮጌ መኪና ላላችሁ ወገኖቼም አንድ ነገር ልበል። ግንቦት ሳያልቅ ኮፈኖውን ከፍታችሁ ዘንጎቹን ዘይት አስነኩ፣ ላስቲኩን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጣታችሁን አሳልፉበት። ከተሰነጠቀ ሰኔን አትጠብቁ። በግንቦት ዋጋ ግዙ። ክረምቱን በሰላም ያሻግረን።