ወፍጮ መውቀር

ወፍጮ መውቀር በመፍጨት ብዛት የለሰለሰን የወፍጮ ድንጋይ ፊት በመውቀሪያ ደጋግሞ በመምታት ሸካራነቱን የመመለስ ሥራ ነው። ላሊበላን በሚያቅፈው የላስታ ደጋ፣ ሰሜን ወሎ፣ የእጅ ወፍጮ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ ሁለት ድንጋይ አለው፤ ከታች የሚጋደመው ወፍጮው፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚገፋው መጁ። የሞተር ወፍጮ ከመጣም በኋላ ሥራው አልቀረም፤ የሞተሩም ድንጋዮች ጥርሳቸው ሲያልቅ ይወቀራሉ። መውቀር ከጥገና ቢቆጠርም የድንጋዩን ጠባይ ላስተዋለ የመፍጨቱ አንድ ክፍል ነው።

እህልን የሚያደቀው የድንጋዩ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ፍሬውን ይዞ የሚሰብረው የፊቱ ሸካራነት ነው። ፊቱ ሲለሰልስ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላው የጤፍ ፍሬ ከመጁ ሥር ይንሸራተታል፤ ፈጪዋ ይበልጥ ትጫናለች፣ ዱቄቱ ግን ሳይልም ሸርካታ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጠንካራ ድንጋይ ሁሉ ጥሩ ወፍጮ አይሆንም። የላስታ ምድር ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ነውና ምርጫው ሰፊ ነው። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ቀላ ያለ ድንጋይ ለመሮ የተመቸው ጠንካራ ስላልሆነ ነው፤ ያው አለመጠንከሩ ግን ለወፍጮ ጉድለት ነው። ድፍን ጥቁር ድንጋይ በአንጻሩ ቶሎ ይወለወላል። ለወፍጮ የሚመረጠው ቀዳዳ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እያለቀ ሲሄድ አዳዲስ ቀዳዳ ከነስለቱ ይከፈትለታል። እሱም ቢሆን ውሎ አድሮ መውቀሪያ ይፈልጋል።

መውቀር ድንጋዩን ይጨርሳል፣ ዱቄቱንም ጠጠራም ያደርጋል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። የመጀመሪያው እውነት ቢሆንም ያልተወቀረ ድንጋይ የሚቆጥበው ነገር የለም፤ ያንኑ እህል ለማድቀቅ ብዙ ግፊያ ይጠይቃልና። ሁለተኛው ግን ጥንቃቄ የሚሻ ነው፤ አዲስ የተወቀረ ወፍጮ በደንብ መጠረግ አለበት፣ በመጀመሪያ የተፈጨበት ዱቄትም ለሰው ምግብ መዋል የለበትም።

በሞተር ወፍጮ ላይ መውቀር ሌላም ጥቅም አለው። የድንጋዩ አንድ ወገን ከፍ ካለ በየዙሩ ይመታል፣ ወፍጮውም ይንቀጠቀጣል፤ ከፍታው ተወቅሮ ሲስተካከል ንቅጥቅጡ ይቆማል። በብረታ ብረት ቤት ያለው የመሳያ ድንጋይም እንዲሁ ነው፤ በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ በደቂቃ እስከ 3,000 ዙር ሊደርስ ስለሚችል ትንሽ መዛባት ይጎላበታል፣ ፊቱም በማስተካከያ ብረት ይቀናል። ንቅጥቅጥ ሁሉ ግን በውቅረት አይድንም። ድንጋዮቹ ተለያይተው ባዶውን ሲዞር የሚንቀጠቀጥ ወፍጮ ችግሩ ከኩሽኔታው፣ ከዘንጉ፣ ከቺንጋው ወይም ከድንጋዩ ሚዛን ነው፤ ድንጋዮቹ ሲገናኙ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ፊታቸው ይመርመር። ይህን ሳይለዩ መውቀሪያ ማንሣት ድንጋይ ያባክናል፣ ንቅጥቅጡም እንዳለ ይቀራል።